መጥሪያና ይሉኝታ

ብቻውን የሚኖር አዛውንት ባንገቱ የሚያንጠለጥለው ወይም በእጁ አንጓ ላይ የሚያስረው የአደጋ መጥሪያ ተራ ዕቃ ነው፦ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ትንሽ ባትሪ፣ አንድ የሬዲዮ ማሰራጫ። ቁልፉ ሲጫን ምልክቱ ቤት ውስጥ ወደተቀመጠ፣ ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን ወዳለው ሣጥን ይሄዳል። ሣጥኑ በስልክ መስመር ወይም በሞባይል ኔትወርክ ወደ ጥሪ ማዕከል ይደውላል። በማዕከሉ ባለችው ተረኛ ፊት የደዋዩ ስም፣ ዕድሜ፣ ሕመም፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችና የቤቱ ቁልፍ በእጁ ያለ ጎረቤት ስልክ ቁጥር ይዘረዘራል። ተረኛዋ በሣጥኑ ድምፅ ማጉያ ትጣራለች። መልስ ካገኘች እንደ መልሱ፣ ካላገኘች እንደ ዝምታው ታደርጋለች፤ ወይ ጎረቤቱን ትቀሰቅሳለች ወይ አምቡላንስ ትልካለች። በአውሮፓ ከ869.20 እስከ 869.25 ሜጋኸርዝ ያለው ጠባብ የሬዲዮ ሞገድ ሌሎች መሣሪያዎች እንዳይረብሿቸው ለእነዚህ መጥሪያዎች ተለይቶ ተትቷል። በአየሩ ላይ ለወደቀ ሰው ጥሪ የተከለለ ቀጭን መንገድ አለ ማለት ነው።

በአማርኛ «መጥሪያ» የሚለው ቃል የበሩንም ደወል፣ የፍርድ ቤቱንም ወረቀት ይጠራል። የፍርድ ቤቱ መጥሪያ ያስገድዳል፤ የተጠራው ካልቀረበ መዘዝ አለው። የበሩ ደወል ይለምናል፤ ውስጥ ያለው ሊከፍትም ላይከፍትም ይችላል። ባንገት የሚንጠለጠለው መጥሪያ ከሁለቱም ወስዷል። የሚጫነው ሰው በዚያች ሰዓት ከቶ ጉልበት የለውም፤ የሚሰማው ግን በውል የታሰረ፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ አልሰማሁም ማለት የማይችል ሰው ነው። የዕቃው ብልሃት ልመናን ወደ መብት መለወጡ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሳያስቸግር የኖረ ሽማግሌ መብቱ በልመና መልክ ሲመጣበት እጁ ያመነታል።

መጥሪያው የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በጀርመን ቪልሄልም ሆርማን የቤት ውስጥ የአደጋ ጥሪ ሥርዓት አበጀ። በአሜሪካ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር የነበረው አንድሩ ዲብነር በ1974 ላይፍላይን የተባለውን ኩባንያ መሠረተ፤ ኩባንያው በ2006 በፊሊፕስ ተገዛ። አሜሪካዊው መሥራች የሥነ ልቦና ሰው መሆኑ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ የሚከተለውን ለሚያነብ ግን አጋጣሚ አይመስልም። በ1989 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የቀረበ የሌላ ኩባንያ ማስታወቂያ ወድቃ መነሣት ያቃታት አሮጊት በመጥሪያዋ ስትጣራ ያሳይ ነበር። ማስታወቂያው አገር አወቀው፤ ያወቀው ግን በሳቅ ነው። የአሮጊቷ የድረሱልኝ ቃል የቀልደኞች መጫወቻ ሆነ። ያኔ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ከሳቁት ጋር የሳቀ ሰው ዛሬ ሰባ አምስቱን አልፏል። ልጆቹ መጥሪያ ገዝተው ሲያመጡለት መጀመሪያ የሚሰማው የራሱ የድሮ ሳቅ ቢሆን አያስገርምም።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ወደ 684 ሺህ ሰዎች በመውደቅ ምክንያት እንደሚሞቱ ይገምታል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 ከሞላ አራት ሰዎች አንዱ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይወድቃል። ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው፤ የደከመ ጉልበት፣ የዓይን ሞራ፣ ከአልጋ ድንገት ሲነሡ የሚወርድ የደም ግፊት፣ የእንቅልፍ መድኃኒት፣ በሌሊት ወደ መታጠቢያ ቤት መመላለስ። መጥሪያው ከእነዚህ አንዱንም አይከለክልም። የሚያሳጥረው ከወደቁ በኋላ ወለል ላይ የሚያልፈውን ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ ከአወዳደቁ ያላነሰ ጉዳት አለው። ባንድ ጎኑ የተጋደመ ሰውነት በገዛ ክብደቱ ጡንቻውን ይጨፈልቃል። ከተጎዳው ጡንቻ የሚፈስሰው ፕሮቲን በደም ተጉዞ ኩላሊትን ያውካል። ቆዳ ይቆስላል፤ ሰውነት ውኃ ያጥረዋል፤ በብርድ አገር ሙቀቱ ይወርዳል፤ ሳንባ ምች ይከተላል። በ1996 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በ12 ሳምንት ውስጥ በቤታቸው ራሳቸውን መርዳት አቅቷቸው ወይም ሞተው የተገኙ 367 ሰዎችን መዝግቧል። ያለ ረዳት የቆዩት ከአንድ ሰዓት በታች ከነበረ ከመቶ 12ቱ ሞቱ፤ ከ72 ሰዓት በላይ ከነበረ ከመቶ 67ቱ። ከቁጥሩ ተነሥቶ ሁሉንም ነገር በሰዓት ላይ ማሳበብ አይገባም፤ ብዙ ቀን ወድቆ የሚቆይ ሰው ቀድሞም ይበልጥ የታመመና ጠያቂ የሌለው ሊሆን ይችላል። እንዲህም ሆኖ በአንድ ሰዓትና በሦስት ቀን መካከል ያለው ልዩነት በሕመም ብቻ የሚገለጽ አይመስልም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል፦ ሰዓት ይገድላል፣ መጥሪያ ሰዓት ያሳጥራል፣ ስለዚህ መጥሪያ ያድናል። ይህን ስሌት ያፈረሰው በ2008 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት የታተመ የካምብሪጅ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ዕድሜያቸው ከ90 በላይ የሆኑ 110 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። ከመቶ 60ዎቹ ወደቁ። ከወደቁት ውስጥ ከመቶ 80ው ቢያንስ አንድ ጊዜ ያለ ረዳት መነሣት አቃታቸው፤ ከመቶ 30ው አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ወለል ላይ ቆዩ። መጥሪያ አልጠፋም፤ ብዙዎቹ ነበራቸው። ለረጅም ሰዓት በተጋደሙባቸው አብዛኞቹ አጋጣሚዎች ግን አልተጫኑትም።

አንዳንዱ ምክንያት ተራ ነው፤ መጥሪያው በር ላይ በምስማር ተሰቅሎ ወይም ከመነጽሩ ጋር መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ሰውየው መታጠቢያ ቤት ወድቋል፤ ወይም ከመርሳት ሕመም የተነሣ ዕቃው ምን እንደሆነ ጠፍቶበታል። የሚያነጋግረው ሌላው ነው። እጅ ይደርሳል፣ አእምሮ ያውቃል፣ ጣት ግን አይጫንም። እንግሊዛዊቷ ባልቴት ለዚህ የምትሰጠው ምክንያት በእንግሊዝኛ ረዥም ዓረፍተ ነገር ያስፈልገዋል፤ አማርኛ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፦ ይሉኝታ። ቃሉ ራሱ የሚናገር ሰው በውስጡ አለው፤ «ምን ይሉኛል» ከሚለው ጥያቄ የመጣ ነውና። ብቻውን ቤት ውስጥ የወደቀ ሰው በእውነት ብቻውን አይደለም፤ የሚሉት ሰዎች ከእሱ ጋር ወለሉ ላይ አሉ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎረቤት ልቀስቅስ? ልጄ ነገ ሥራ አለባት። አምቡላንስ በር ላይ ቆሞ ሰፈሩ ይይ? ትንሽ ልረፍና ራሴ እነሣለሁ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል፤ ምክንያቱም የሚመክር ይመስላል። ሰዓቱን የሚበላው ግን እሱ ነው።

ከይሉኝታ ሥር ፍርሃት አለ፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። አንድ ጊዜ የተጫነ መጥሪያ መዝገብ ላይ ይገባል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲደገም ልጆች ተሰብስበው ይመክራሉ፤ ምክሩ ብዙ ጊዜ «ብቻሽን መኖር ይበቃሻል» በሚል ያልቃል። ስለዚህ አዛውንቱ የሚያመዛዝነው በመዳንና በመሞት መካከል ብቻ አይደለም፤ በቤቱና በመጦሪያ ተቋም መካከልም ጭምር ነው። ቤት እንዲቆይ የተሰጠው ዕቃ ከቤት እንዳያስወጣው ይፈራዋል። ዕቃውን የሚሸጡት ይህን አይነግሩም፤ የሚገዙት ልጆችም አስበውት አያውቁም። አሜሪካዊው ሮበርት ፐርስኪ በ1972 የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ስላለባቸው ሰዎች ሲጽፍ ከአደጋ ጋር የመኖር ክብር የሚል ሐሳብ አንሥቶ ነበር፤ ከአደጋ ሁሉ የተከለለ ሰው ከሰውነቱም እንደሚከለል ለማሳየት። ሐሳቡ ከጊዜ በኋላ ወደ አረጋውያን እንክብካቤ ተሻግሯል። መጥሪያውን አልጫንም የሚለው ጣት ሁልጊዜ ሞኝ አይደለም፤ አንዳንዴ ይህንኑ ክብር የሚጠብቅበት ሌላ መንገድ ያጣ ነው።

ያንገቱም ክር ጉዳይ አለ። ባንገት ክር ማሰር ለኢትዮጵያዊ ክርስቲያን አዛውንት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ማተብ የማንነት ምልክት ነው፣ ለሚያየው ሁሉ የሚናገር። መጥሪያውም ለሚያየው ሁሉ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን የባለቤቱን ድካም ነው። እንግዳ ሲመጣ ማተብ አይሸሸግም፤ መጥሪያ ነጠላ ሥር ይገባል። አምራቾች ዕቃውን ሰዓትና ጌጥ ለማስመሰል የሚደክሙት ለዚህ ነው።

የጣትን ማመንታት ለማለፍ ኢንዱስትሪው የመረጠው መንገድ ጣትን መዝለል ነው። አፕል በ2018 ያወጣው የእጅ ሰዓት መውደቅን ራሱ ይለያል፤ ባለቤቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ካልተንቀሳቀሰና ጥሪውን ካልሰረዘ ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥር ይደውላል። በውስጡ ያለው አክስለሮሜትር የፍጥነት ለውጥን ይለካል። የሚወድቅ አካል ለቅጽበት ክብደት እንደሌለው ይሆናል፣ ወዲያው ከፍተኛ ምት ይመዘገባል፣ ከዚያ ጸጥታ። ዕቃው የሚፈልገው ይህን ቅደም ተከተል ነው፤ አንዳንድ መጥሪያዎች ባሮሜትር ጨምረው ቁመት መቀነሱንም ይመረምራሉ። ከወንበር ቀስ ብሎ የተንሸራተተ ሰው ሊያመልጣቸው ይችላል። ሶፋ ላይ ዘፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ወደቀ ሊባል ይችላል።

ሌላው መንገድ ጩኸትን ትቶ ዝምታን ማዳመጥ ነው። የጃፓኑ ዞጂሩሺ በ2001 ያወጣው የሻይ ውኃ ማፍያ በውስጡ የመገናኛ ዕቃ ነበረው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ወይም አባት ውኃ የቀዱበትን ሰዓት በቀን ሁለት ጊዜ በኢሜይል ለልጅ ያሳውቃል። አሮጊቷ ምንም አትጫንም፤ ሻይዋን ትጠጣለች፣ እሱው ደብዳቤ ይሆናል። ሻይ ካልተቀዳ ግን አንድ ነገር አለ። ከዚያ ወዲህ የመጡት የእንቅስቃሴ፣ የበርና የአልጋ ሴንሰሮች በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው። ሐሳቡ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አዲስ አይሆንበትም። በድሮው ሰፈር «የእትዬ በር ዛሬ አልተከፈተም» የምትል ጎረቤት ያለ ባትሪ የምትሠራ ሴንሰር ነበረች፤ የጧት ጭስ አለመውጣቱን፣ የቡና ሙቀጫ አለመሰማቱን ታነባለች። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ትልቅም ነው። እትዬም የጎረቤቷን በር ያያሉ። እሳቸውም ጠባቂ ናቸው፤ የሚጠበቁት እየጠበቁ ነው። የውኃ ማፍያው ግን ባንድ አቅጣጫ ብቻ ያያል። የልጅ ሻይ መቀዳት ለእናት በኢሜይል አይደርስም። አረጋውያን «ተሰለልኩ» ብለው የሚያማርሩት ከመታየቱ ይልቅ ከዚህ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል የተነሣ ይመስላል፤ የሚታይና የማያይ ሰው ከጎረቤትነት ወርዷል።

ጥሪው ከተደረገ በኋላም የሚሰማው ጆሮ ምን እንደሆነ ይጠየቃል። በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ኢትዮጵያዊት እናት ቀኑን ብቻቸውን ይውላሉ እንበል። ወድቀው መጥሪያውን ተጫኑ። ከሣጥኑ የሚወጣው ድምፅ እንግሊዝኛ ነው። ማዕከሉ በስልክ አስተርጓሚ ሊያስገባ ይችላል፤ የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ የግል የጥሪ ማዕከል ግን በውሉ ውስጥ የተጻፈውን ያህል ብቻ ይሄዳል። አስተርጓሚም ቢገኝ ሌላ ወጥመድ አለ። «ደህና ነዎት?» ለሚለው ጥያቄ የአማርኛ ወግ አንድ መልስ ብቻ ያውቃል፦ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። የታመመ ይለዋል፣ ያዘነ ይለዋል፣ ወለል ላይ የተጋደመም ሊለው ይችላል። ይህ መልስ ስለ ጤና የተሰጠ መረጃ አይደለም፤ ለጠያቂው የሚከፈል የአክብሮት ግብር ነው። ቃል በቃል ሲተረጎም ግን ጥሪውን ይዘጋዋል። ስለዚህ ለእንዲህ ያሉ እናት መጥሪያ የሚያስገባ ልጅ መዝገቡ ላይ «ደህና ነኝ ቢሉም ሰው ይላክ» ብሎ ማስጻፍ አለበት። «ወለሉ ላይ ነዎት ወይስ ወንበር ላይ?» የሚለው ጥያቄም ከ«ደህና ነዎት?» ይሻላል፤ በወግ የሚመለስ አይደለምና።

በእስራኤል መጥሪያው «ላሕጻን መጹቃ» ይባላል፤ የጭንቅ ቁልፍ እንደማለት። በ1988 ሥራ ላይ በዋለው የአረጋውያን እንክብካቤ መድን፣ ዕርዳታ የሚገባው አረጋዊ ከሚያገኛቸው አገልግሎቶች አንዱ ሆኖ በመንግሥት ወጪ ይቀርባል፤ ከኢትዮጵያ የሄዱ አረጋውያንም መብቱ አላቸው። በአሜሪካ የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን የሆነው ሜዲኬር በመደበኛው መልኩ አይከፍልም፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የቆመው ሜዲኬይድ በአንዳንድ ግዛቶች ይከፍላል፤ ሌላው ከልጆች ኪስ በየወሩ የሚወጣ ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» በሚል ምርቃት ለሚያምን ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ከጧሪነት አንዲቱ ቁራጭ፣ ሌሊት ሲጣሩ አቤት ማለት፣ ተቆርጣ በወርኃዊ ክፍያ ተሸጣለች። የተሸጠችው ለምን እንደሆነ ግን መረሳት የለበትም፤ ልጅቱ አልጠፋችም፣ ሁለት ፈረቃ እየሠራች ነው። ምናልባትም የምትሠራው የሌላ ሰው እናት በመንከባከብ ነው።

ከጆሮው በፊት መስመሩ አለ። የስልክ ኩባንያው ኤ ቲ ኤንድ ቲ በየካቲት 2022 የ3ጂ ኔትወርኩን ሲዘጋ በዚያ የሚሠሩ የአሜሪካ መጥሪያዎች በአዲስ ካልተተኩ ዝም አሉ። በብሪታኒያ ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች በቤታቸው እንዲህ ያለ አገልግሎት ይጠቀማሉ፤ አሮጌውን የስልክ መስመር በዲጂታል የመተካቱ ሥራ በ2023 መጨረሻ አንዳንድ መጥሪያዎች መሥራት በማቆማቸው ለጊዜው ተገታ፤ የመጨረሻው መዝጊያም ወደ ጥር 2027 ተገፋ። ባለቤቱ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚሠራውም የማይሠራውም መጥሪያ ባንገት ላይ አንድ ዓይነት ነው።

በኢትዮጵያ የወደቀ ሰው መጥሪያ ድምፁ ነበር። ኡኡታ የሰማ መውጣት ግዴታው ነው፤ የወንጀል ሕጉም በቁጥር 575 ሕይወቱ ወይም ጤናው በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ የተወ ሰው እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ኡኡታ ግን ግድግዳው ስስ፣ ግቢው የጋራ በሆነበት ቦታ የተሠራ ሥርዓት ነው። ከአሮጌው የቀበሌ ቤት ተነሥተው አሳንሰር የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው አዛውንት በሲሚንቶ ግድግዳና በብረት በር ውስጥ ናቸው። የሞባይል ስልክ አለ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ይጠራል። ስልኩ ግን ቻርጅ ላይ ነው፤ አዛውንቱ ኮሪደሩ ላይ። እዚያ ለሚኖር ሰው የሚቀርበው ዘዴ ርካሽ ነው፤ ሁለተኛ የቤት ቁልፍ ታችኛው ፎቅ ላለች ጎረቤት፣ የተወሰነ የጧት ስልክ፣ ለዚያ ስልክ መልስ ካልተገኘ ማን በር እንደሚያንኳኳ አስቀድሞ መነጋገር። የዞጂሩሺ ማፍያ የሠራውን ሥራ እነዚህም ይሠራሉ።

የጥሪ ማዕከሎች ደንበኞቻቸው በየወሩ አንድ ጊዜ ለሙከራ እንዲጫኑ ይመክራሉ፤ ባትሪውና መስመሩ እንዲፈተሽ። ብዙ አዛውንቶች ይህን ይዘሉታል፤ ያለ ምክንያት ሰው ማስቸገር ነውር ነዋ። በስሕተት የተጫኑ ሰዎችም ለተረኛዋ ደጋግመው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ለማዕከሉ ግን ከሚደርሱት ጥሪዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ እጅጌ የተጫነው፣ ድመት የረገጠው፣ የሰው ድምፅ የናፈቀው ሰው የነካው። ልምድ ያላት ተረኛ ይቅርታውን አትቀበልም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ጠይቃ ትሰናበታለች። በሚቀጥለው ወር እኒያው እናት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ምንም ሳይሆኑ፣ ቁልፉን ተጭነው «ለሙከራ ነው ልጄ» ይላሉ። ጣታቸው የቁልፉን ልስላሴ፣ ጆሯቸው የልጅቷን ድምፅ ለምዷል።